ለኮተት የወጣ የስኮትላንድ ስም

በሕይወቴ ብዙ ሥራ ንቄአለሁ፤ በእጅ ጽሕፈቴ ምክንያት ያገኘሁትን ያህል የናቅሁት ግን የለም። ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር የሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ አሜሪካ ውስጥ ፎርት ስኔሊንግ አጠገብ ባለው አውሮፕላን ማረፊያ፣ መንገደኛ ከመኪና ማቆሚያው ወደ ተርሚናል የሚያመላልስ አውቶቡስ እነዳ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሴንት ፖል ውስጥ የሟች ቤት ዕቃ ሸጦ ለሚያድር ሰው እሠራለሁ።

የሟች ቤት ዕቃ መሸጥ ስል ነገሩ ለማይገባው ሰው ላስረዳ። አንዲት አሮጊት ትሞታለች። ልጆቿ አንዱ ካሊፎርኒያ፣ አንዷ ፍሎሪዳ ናቸው፤ መጥተው ይቀብሯትና በማግስቱ ይመለሳሉ። ቤቷን ከነዕቃው ለአሠሪዬ ዓይነቱ ሰው ያስረክባሉ። እሱ ከማንኪያ እስከ አልጋ፣ ከተጋመሰ ሽቶ እስከ ሌሊት ልብሷ ድረስ የዋጋ ወረቀት ይለጥፍበታል። ቅዳሜ ጠዋት በሩ ሲከፈት ደጅ ተሰልፎ ያደረ የሚመስል ሕዝብ ይገባና ጓዳዋን ያተራምሳል። እኔ ያደግሁት የሟች ልብስ ለነዳያን በሚሰጥበት ቤት ነው። አንድ ሰውዬ የሟቿን የውስጥ ልብስ ወደ ብርሃን አንሥቶ ቀዳዳ ሲፈልግ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ምሳዬን አልበላሁም። በኋላ ለመድሁት። እየናቅሁ ለመድሁት ብል ይሻላል።

አሠሪዬ ረጅም፣ ፊቱ ቲማቲም የመሰለ፣ በራሱ እጅግ የተደሰተ ሰው ነበር። የአያቱ አያት ከስኮትላንድ መጡ ይባላል። እሱ ግን ስኮትላንድን በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ በበጋ የወንዶቹን ጉርድ ቀሚስ ታጥቆ በዓል ላይ ከመቆም ያለፈ ዝምድና አልነበረውም። ታዲያ አንድ ክረምት የድሮ ስኮትላንድ መዝገበ ቃላት እጁ ገባ። ከዚያ ውስጥ የጥንት ነጋዴዎች ሸቀጣቸውን የሚጠሩባቸውን ስሞች እየመረጠ አወጣና፣ ከእንግዲህ በምንሸጥበት ቤት ሁሉ በየክፍሉ በር ላይ በትልቅ ካርድ ይለጠፉ አለ። እንደዚያ ያለ ሥራ የሚሠራ ሌላ ብዙ ሰው ስላለ ከእነሱ የሚለየው ነገር ይፈልግ ነበር።

ካርዱን የምጽፈው እኔ ነኝ። አገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበርና ጽሕፈቴ ቆንጆ ነው። "ያንተ እጅ ያረጀ ነገር ያስመስለዋል" አለኝ፤ ማመስገኑ ነው። ዓርብ ዓርብ ከአውቶቡሱ ወርጄ፣ በሟች ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቀለምና ብዕር ይዤ፣ የማላውቀውን ሕዝብ ቋንቋ ስገለብጥ አመሻለሁ።

ሳሎኑ ላይ "ፕሌኒሺንግ" ብዬ እጽፋለሁ፤ ወንበሩም ቁም ሳጥኑም ምንጣፉም በአንድነት፣ ቤት ቤት የሚሆንበት ነገር ማለት ነው። ጋራዡ ላይ "ግሬዝ"፤ ባለሙያ ሥራውን የሚሠራበት መሣሪያ። በየጠረጴዛው ለተከመረው ብልጭልጭና ቁልፍ መያዣ "ክሬመሪ"፤ በዚያ ዘመን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ጋር ዳሳቸውን አጣብቀው የሚቸረችሩ ሰዎች የሚሸጡት ነው፤ በእኛ የጉሊት ዕቃ። ምድር ቤቱ ላይ ደግሞ "ትሮክ"፤ ዕቃን በዕቃ መለወጥም ነው፣ ለልዋጭ የሚቀርበው የማይረባ ዕቃም ነው። ሽያጩ ራሱ "ራውፕ" ተባለ፣ ሐራጅ ማለት ነው። ዋጋው ሁሉ በወረቀት ተለጥፏል፣ ማንም ዋጋ አይጠራም፣ ግን ሐራጅ ነው።

የላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን "ክሬመሪ" ከሚል ካርድ ሥር ሲቀመጥ ዋጋው ይጨምራል። ሰው ቆሞ ፎቶ ያነሣዋል። አንዲት እጇ በአምባር የተሞላ ሴትዮ ካርዱ እንዴት እንደሚነበብ ጠየቀችኝ። እኔም እንዳመጣልኝ፣ በራሴው አፍ አነበብሁላት። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችኝና ለጓደኛዋ "እውነተኛው አነጋገር እንዲህ ነው" አለቻት። ከዚያን ቀን ወዲህ ለደንበኞቻችን ቅንጣት ታህል አክብሮት አልቀረኝም።

ቃላቱን ግን መናቅ አልቻልሁም። አውቶቡስ ስነዳ አፌ ላይ ይመጡብኛል። ከእኛዎቹ ጋር ሳስተያያቸው አንድ ነገር ገባኝ፤ ዕቃ ስም የሚያወጡለት ሁለት ሰዎች አሉ። ሸቀጥ፣ ንብረት፣ ቅርስ የሚሉትን ሻጭ ያወጣቸዋል። ኮተት፣ ግሳንግስ፣ ቅራቅንቦ፣ ውራጅ የሚሉትን ደግሞ ዋጋ ለማስቀነስ የቆመ ገዢ ያወጣቸዋል። የስኮትላንዶቹም መጽሐፍ ያው ነው፤ ለመልካሙ ዕቃ ጥቂት ስም፣ ለማይረባው ግን ገጽ ሙሉ ስድብ። የአሠሪዬ ብልሃት የገዢን ስድብ ወስዶ የሻጭ ሙገሳ ማድረግ ነበር። በምድር ቤት የተጣለውን ኮተት፣ ኮተት እያለ ነው የሚሸጠው። በስኮትላንድኛ ስለሆነ ብቻ ሰው እያመሰገነው ይገዛል።

እንግዲህ በዚያው ዓመት፣ በረዶው ሊቀልጥ ሲል፣ አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ከአዲስ አበባ መጡ።

አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ መርካቶ ጨርቅ ሲሸጡ፣ በሱቃቸው ደጃፍም በእግር በምትረገጥ የስፌት መኪና ሱሪ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለቤቴ አንድ ልጃቸው ናት። እናቷ ካረፉ በኋላ ብቻቸውን ቀሩ፤ ደም ግፊትም አለባቸው። ሱቁን ለቀው ቤት መዋል እንደ ጀመሩ መታጠቢያ ቤት ወድቀው፣ ጎረቤት ነው በር ሰብሮ ያነሣቸው። ባለቤቴ ይኼን በስልክ የሰማች ቀን ሥራ ቦታዋ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ወረቀቱን ጨርሳ እስክታመጣቸው ድረስ እንቅልፍ የሚባል አልነበራትም።

ሆፕኪንስ ያለችው አፓርትመንታችን ከገቡበት ቀን ጀምሮ ያላጣጣሉት ነገር የለም። ዳቦውን በጣታቸው ጨመቁና "ይኼ ዕቃ ማጠቢያ ነው" አሉ። ሊፍቱን የሰው መጋዘን አሉት። ሚያዝያ ላይ ድንገት የወረደውን በረዶ በመስኮት አዩና "አሁን ይኼ ለምን አስፈለገ?" ብለው እኔን ጠየቁኝ፣ እኔ እንዳዘዝሁት ሁሉ። መኪናዬን አንድ ጊዜ ዞሯት፣ በጫማቸው ጫፍ ጎማዋን ነካ አደረጉና "ገፍተህ ነው የምትሄደው?" አሉኝ። አውቶቡስ እንደምነዳ ሲሰሙ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"አስተማሪ ነው አላልሽኝም ነበር?"

እኔ አጠገባቸው ቆሜአለሁ። ንቀት ምን እንደሆነ አውቃለሁና የእሳቸው ንቀት አንደኛ ደረጃ መሆኑን አልክድም። እኔም በበኩሌ አልተኛሁላቸውም። ዝም ብዬ እየሰማሁ፣ ይኼ ሽማግሌ አሜሪካን በክንድ ሊለካት መጥቷል እያልሁ በሆዴ ስንቃቸው እውል ነበር።

ከማጣጣሉ በስተጀርባ ያለው ነገር ግን ግልጽ ነበር፤ እጃቸው ሥራ ፈትቷል። ሶፋው ላይ ተቀምጠው የሶፋውን ጨርቅ በሁለት ጣታቸው እያሹ ይውላሉ። የመጋረጃውን ጠርዝ ገልብጠው ስፌቱን ያዩና "ምነው፣ ዓይኑ የጠፋ ሰው ነው እንዴ የሰፋው?" ይላሉ። አንድ ቀን እራት ላይ እጃቸውን ከሳህኑ ሰበሰቡና ለልጃቸው ቁርጡን ነገሯት።

"ስሚኝ ልጄ። እጄ ሥራ ካገኘ እዚሁ ካንቺ ጋር እቆያለሁ። ካላገኘ ብርዱ ሳይገባ እመለሳለሁ። እንደተረሳ ሻንጣ ጥግ ላይ አልቀመጥም።"

መመለስ ማለት ወደዚያ ባዶ ቤት፣ ወደዚያ መታጠቢያ ቤት መመለስ ነው። ባለቤቴ በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ የኤሌክትሪክ የስፌት መኪና ገዝታ መጣች። ሥራም አላጣችላቸውም፤ ቡርንስቪል ያሉት የቸርቿ ሴቶች ቀሚስ የሚያሳጥርላቸው ሰው ካገኙ ወረፋ እንደሚይዙ ነግረዋታል። አማቴ መኪናዋን በአንድ እጃቸው ከፍ አድርገው መዘኗት።

"ላስቲክ ናት" አሉ።

"አባዬ፣ ትራይ አድርጋት እስቲ። ሰዉ ሁሉ እሷን ነው የሚጠቀመው።"

ሞከሯት። የእግር መርገጫዋን እንደ ለመዱት በሙሉ ጫማቸው ሲረግጧት ጨርቁን ውጣ ጭራሽ አኘከችው። ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው ካርቶኗ ውስጥ መልሰው ከተቷት። "እኔ ያልተከራከርሁበት ዕቃ እንዲህ ነው የሚሆነው" አሉ። "ብረት ፈልጉልኝ። በእግሬ የምትሄድ። ስትገኝ ደግሞ እኔ ነኝ የምገዛት፤ ሰው የገዛልኝን ዕቃ አልነካም።"

ብረቷ የተገኘችው በጋው ሲጋመስ፣ ሴንት ፖል ኮረብታው ላይ ካለ አንድ ትልቅ አሮጌ ቤት ፎቅ ነው። ሟቿ የምትሰፋበት ጠባብ ክፍል ነበር። መኪናዋ ጥቁር ናት፣ የወርቅ ቀለም ሐረጓ ገና አልደበዘዘም፣ እግሮቿ የብረት ጥልፍ ናቸው። በእግሬ ረገጥሁላት። ድምፅ ሳታሰማ ዞረች። የምሬን ነው የምላችሁ፣ በሟች ቤት ውስጥ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

አሠሪዬ ከኋላዬ መጣ። "ፕሌኒሺንግ ብለህ ጻፍባት" አለኝ።

"ይቺ እኮ የቤት ዕቃ አይደለችም" አልሁት። "የሥራ መሣሪያ ናት፤ ግሬዝ ናት። መጽሐፍህ ራሱ እንዲያ ነው የሚለው።"

"በዚህ ዘመን ማን ይሰፋል? መሣሪያ ካልናት ማንም ቀና ብሎ አያያትም። የቤት ጌጥ ናት።"

የሚሰፋ ሰው እንደማውቅ ነገርሁት። ስለ አማቴ፣ ስለ እጃቸው፣ ሊመለሱ እንደሆነም ጭምር ነገርሁት። እስከ ቅዳሜ እንዲያስቀምጥልኝ ለመንሁት። እሱ አንገቱን እየነቀነቀ በርኅራኄ አዳመጠኝና ሕጉን ነገረኝ። ሠራተኛ ከሽያጩ በፊትም በሽያጩ ቀንም ምንም አይገዛም። ዘመዱ ከፈለገ ግን እንደ ማንኛውም ሰው መጥቶ፣ የተጻፈውን ዋጋ ከፍሎ መውሰድ ይችላል። "ፍትሐዊ መሆን አለብን" አለኝ የሟች የሌሊት ልብስ የሚቸረችረው ሰውዬ። ጥርሴን ነክሼ "ፕሌኒሺንግ" ብዬ ጻፍሁባት።

ማታ ለባለቤቴ ስነግራት ዘልላ አቀፈችኝ። ቅዳሜ ሺፍት ነበራት። "ማናጀሬ ኦፍ አትሰጠኝም እንጂ እኔው ነበርሁ የምወስደው" አለችና ገንዘቡን በሙሉ ቆጥራ አባቷ ኪስ ውስጥ ከተተች። "አባዬ፣ ዋጋዋ ወረቀቱ ላይ አለ። በቃ ፔይ አድርገህ መውጣት ነው። እሺ?"

"እሺ" አሉ አማቴ። እሺታቸውን ሰምቼ አንጀቴ አልራሰም።

ቅዳሜ ጠዋት አብረን ሄድን። መንገዱን ሙሉ መከርኋቸው።

"አባባ፣ እዚህ አገር ክርክር የለም። የተጻፈው ዋጋ የመጨረሻው ነው።"

"ሰውየው ነጋዴ ነው?"

"ነጋዴ ነው።"

"እንግዲያው ይቀንሳል። አንተ ተማሪ ነው የምታውቀው፤ ነጋዴን ለእኔ ተወው።"

በሩ እንደ ተከፈተ አልተጋፉም። ኮታቸውን ቆልፈው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ሰዉ ካለፈ በኋላ ገቡ። መኪናዋ ያለችበትን ክፍል እያወቁ መጀመሪያ ሳሎኑን ዞሩ። መብራት አዩ፣ ሥዕል አዩ፣ ደረጃውን ቀስ ብለው ወጡ። ክፍሏ ውስጥ ገብተውም ፊታቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ቆዩና፣ ድንገት ዓይናቸው የወደቀባት ይመስል "ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?" አሉ።

አሠሪዬ ደስ ብሎት ቀረበ። እኔ መሐል ሆኜ አስተረጉማለሁ።

"ንገረው" አሉ አማቴ። "ቀበቶዋ ደርቋል። እግሯ ዝጓል። መርፌዋ የአያቴ ዘመን ነው። እንዲህ ያለ ኮተት መርካቶ በነፃ ይሰጡሃል፣ ተሸካሚውን ነው የምትከፍለው።"

ቃል በቃል ተረጎምሁት፤ ከልቤም ደስ እያለኝ ነበር የተረጎምሁት። የአሠሪዬ ፊት ተለወጠ። መኪናዋ የመቶ ዓመት ዕድሜ እንዳላት፣ ካርዱ ላይ ያለው ቃል ከዚያም እጅግ እንደሚቀድም ማስረዳት ጀመረ። አማቴ እጃቸውን ከፍ አድርገው አቋረጡትና ዋጋ ጠሩ። የተጻፈውን ሲሶ ጠሩ። እኔ ይኼን ስተረጉም ላብ አጠመቀኝ። አሠሪዬ ግን አልተቆጣም። በትሕትና የዋጋ ወረቀቷን በጣቱ አሳያቸው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በእውነት ግራ ተጋብቶ ጠየቀኝ።

"ካልወደዳት ለምን ይገዛታል?"

ምን ብዬ ላስረዳው? ከዚያ ሁሉ መዝገበ ቃላት ውስጥ ነጋዴዎች ዕቃቸውን ምን ብለው እንደሚጠሩት ለቅሞ ሲያወጣ፣ ሰዎቹ እንዴት እንደሚገበያዩ አንድ ቀን እንኳ ወደ ሐሳቡ አልመጣም። ቀሚሱን ታጠቀ እንጂ ነጋዴነቱን የት ያውቀዋል። ዋጋ የሚጠራው፣ ዕቃ የሚያጣጥለው፣ የቆረጠ ገዢ መሆኑን ማንም የጉሊት ሻጭ ልጅ በነገረው ነበር።

አማቴ መልስ ሲያጡ "ይቅርብኝ" አሉና ዞረው ወጡ። አወጣጣቸውን ያየ መርካቶ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ደረጃው ላይ ቆም አሉ። ታች ሲደርሱ ቆም አሉ። በሩ ላይ ኮታቸውን አራገፉ፣ ወደ ሰማይ ቀና ብለው አዩ። "ና ተመለስ፣ ትንሽ ጨምርና ውሰዳት" የሚለው ድምፅ ከኋላቸው እንዲደርስ እየጠበቁ ነው። ያ ድምፅ ሳይመጣ የቀረበት ቀን በሕይወታቸው አልነበረም።

"ጥራው" አልሁት አሠሪዬን።

"ማንን?"

"እሳቸውን። እየሄዱ ነው እኮ።"

"አዎ፣ አልወደዳትም" አለኝና ማንኪያ ለያዘች ሴትዮ ሊያስረዳ ሄደ።

እኔ እንድሮጥ ማን ፈቀደልኝ? ሮጥሁ። ሣሩ ላይ ደረስሁባቸው።

"አባባ፣ ይመለሱ። ገንዘቡ ኪስዎ ውስጥ አለ አይደል? ከፍለን እንውጣ።"

"ላከህ?"

"አዎ፣ ጥራቸው ብሎኛል" ብዬ ዋሸሁ።

በትከሻዬ በኩል አሻግረው በመስኮቱ አዩት። አሠሪዬ ጀርባውን ሰጥቶ ይሥቃል። "አልላከህም" አሉ። "ሳልጠራ ብመለስ ሰውየው ምን ይለኛል? ይጠብቅ። እንደኔ ያለ ገዢ ከየት ያመጣል።"

ለመንኋቸው። ልጅዎ ምን ትላለች አልኋቸው። ለአንዲት አፍታ ያመነቱ መሰለኝ፤ ጫማቸው ወደ ቤቱ ዞሯል። ያኔ በሩ ተከፈተና አንዲት ወጣት ሴት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር የስፌት መኪናዋን ተሸክመው ወጡ። የተጻፈውን ከፍላ፣ አንድ ቃል ሳትናገር ገዝታታለች።

ሴትየዋ መኪናዋን ሣሩ ላይ አስቀመጠችና ከኋላ ኪሷ መፍቻ አወጣች። ተንበርክካ ጥቁሩን የመስፊያ አካል ከእግሮቹ ፈታችው። ማዕድ ቤቷ ውስጥ በእብነ በረድ ጠረጴዛ ሥር የብረት እግር እንደምትፈልግ፣ ወር ሙሉ ስትፈልግ እንደ ከረመች ለባልደረባዬ እያወራችው ነው። እግሮቹን ደጅ ባቆመችው አውቶሞቢል ውስጥ ጫነች። መስፊያውን ሣሩ ላይ ተወችው። አማቴ ዓይናቸውን ከብረቱ ሳያነሡ እንደ ቆሙ አየችና በደግነት፣ እንደ ለማኝ ሳይሆን እንደ ጎረቤት፣ ፈገግ ብላ አናገረቻቸው።

"ምን አለች?" አሉኝ።

"ከፈለጉ በነፃ ይውሰዱት ነው የምትለው።"

እንዲህ ያለ ቁጣ በፊታቸው ላይ አይቼ አላውቅም። የተቆጡት ግን በእሷ ላይ አይመስለኝም። ጎንበስ አሉ፤ የሣር ቅጠሉን ከብረቱ ላይ በእጅጌያቸው ጠረጉ። መዘውሩን በጣታቸው አዞሩት። መርፌው ወረደ፣ ወጣ። አሁንም አዞሩት። እንደ ልማዳቸው አንዳች የሚያንቋሽሽ ነገር ሲሉ ልሰማ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ቀና ብለው ወደ መኪናዬ ሄዱና ገብተው ተቀመጡ።

እኔ ብረቱን አቅፌ ሻንጣ መጫኛው ውስጥ ከተትሁት። አሠሪዬ በሩ ላይ ቆሞ አውራ ጣቱን ቀሰረልኝ፤ ዕቃው ሁሉ ሲሸጥ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። በዚያች ደቂቃ እሱንና መዝገበ ቃላቱን አንድ ላይ ከኮረብታው ላይ ብወረውር ደስታዬ ነበር። የባሰ የሚያናድደው ደግሞ ልክ መሆኑ ነው። መሣሪያ ብዬ ብጽፍባት ኖሮ ያቺ ሴት ቀና ብላ አታያትም ነበር።

ባለቤቴ ማታ ብረቱን ሶፋው ሥር አየችው፤ እኔም የሆነውን ሁሉ ነገርኋት። አልተቆጣችም። በማግስቱ ስልኩን ይዛ ተቀመጠች። የአናጢ ቤት ደወለች፣ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ ደወለች። እግር ብቻውን የሚሸጥ አልተገኘም። እግሩን ሁሉም ሰው ይፈልገዋል። እኔ መዘውሩን በእጄ እያዞርሁ እሳቸው እንዲሰፉ ሐሳብ አቀረብሁ። አማቴ በትሕትና፣ በፍጹም ትሕትና፣ "አትድከም ልጄ፣ አንተም ሥራ ውለህ ነው የምትመጣው" አሉኝ። ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር፤ ልቤን ነካኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ያለ ጠብ አለፉ። እኔም ማረፌ አልቀረም። አንድ ምሽት ቀደም ብለን እራት በላን። አማቴ ዳቦውን ቆርሰው "ለስላሳ ነው፤ ለጥርስ የሚስማማ ዳቦ ነው" አሉ። ከሊፍቱ ጋር ሰላም ወርዷል፤ "ደረጃ ለማይችል ሰው ትልቅ ነገር ነው" አሉ። ሠርቼ የገባሁባትን መኪናዬን በመስኮት አይተው "ጠንካራ መኪና ናት፤ ጩኸት እንኳ የላት" አሉኝ። ከዚያ ወደ ሥራዬ ዞሩና ሰውን ከቦታ ወደ ቦታ በሰላም ማድረስ የተከበረ ሥራ መሆኑን ነገሩኝ። የምገባበት ጠፋኝ። እስከዚያች ዕለት በሆዴ ያልኋቸውን ሁሉ መልሼ ዋጥሁ።

ሳህኑን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ዕቃ ታጥባለች። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ደስታዬን ግን ሳልደብቅ፣ "ሰማሻቸው? አባባ ለመዱ እኮ" አልኋት።

ቀና ብላ አላየችኝም።

"ከልጅነቴ ጀምሮ ሱቁ ውስጥ ነው ያደግሁት" አለች። "አባዬ የፈለገውን ዕቃ አመስግኖት አያውቅም። ሱቅ ገብቶ ሳይገዛ ሊወጣ ሲል ነው የሚያመሰግነው። ባለሱቁ እንዳይከፋው።"

ውሃው ይፈሳል።

ከሳሎን የአማቴ ድምፅ መጣ። "ልጄ" አሏት። "ቤትሽ በጣም ያምራል።"

"እሺ አባዬ" አለች ባለቤቴ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች።